የፍልሰታ እንቁላል

መጋቢት 19
ደህና ቀን። የምሠራላት ሲኞራ በጊዜ ለቀቀችኝ፤ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ጎራ ብዬ ምስርና በርበሬ ገዛሁ። ቤት ስደርስ የባሌ የመብራቱ እናት፣ እማማ ለተ ማርያም፣ ጓሮ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ዶሮዎቹን ይቆጣሉ። "አንቺ ቀዮ፣ ምነው ብቻሽን ትበያለሽ?" ከኮረም ከመጡ ወዲህ ፊታቸው የሚፈታው ከዶሮዎቹ ጋር ሲሆኑ ብቻ ነው። ሌላውን ሰዓት ግድግዳ ያያሉ።

እንቁላሉ ጭዱ ውስጥ እንደተከመረ ነው። ሁዳዴ ሳይፈታ ቤት አይገባም ብለዋል። ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ማን ይበላዋል? ብዬ ነበር። "ዓይንም ይጾማል" አሉኝ። እሺ ብዬ ተውኩት።

መጋቢት 22
አለቁ። አምስቱም።

እንቁላሉ ተልሷል፣ ቅርፊቱ ተበትኗል፣ ዶሮዎቹ አንገታቸውን ተነክሰው ተጋድመዋል። የቤቱ ባለቤት ሲኞራ ፒና ከፎቅ በመስኮት አይተው "ፋይና" አሉ። እማማ ደግሞ "ሽለምጥማጥ"። ያው አንድ አውሬ ነው መሰለኝ። ሮም መሀል ሽለምጥማጥ... ማን ያስባል? የሳበው እንቁላሉ ነው፣ እሱን ሊበላ መጥቶ ዶሮዎቹን አገኘ፣ አሉ ፒና። ልጄ ሕሊና ደግሞ ቶሎ ብላ ለአያቷ ተረጎመችው። ምናለ አፏን ብትይዝ።

እማማ "የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ" አሉና ገብተው ተኙ።

መጋቢት 25
አልተነሱም። ሾርባ ይዤ ገባሁ። "አገሬ መልሱኝ ልጄ። እዚህ የነካሁት ሁሉ ይጠፋል።" አገር ቤት ማን አላቸው? እህታቸው ካረፉ ወዲህ ማንም። ደም ግፊታቸውስ? መብራቱ "እሺ እማ፣ በመስከረም" አላቸው። ምን ይበል።

እኔ ግን እንዲሄዱ አልፈልግም። ሊመጡ ሲሉ፣ አማት መጣችብኝ ብዬ ፈርቼ ነበር... የኔ እናት ስትሞት የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፤ ሳልቀብራት ቀረሁ። ከሥራ ስገባ "መጣሽ? በይ እግርሽን አሳርፊ" የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ገና ዓመት እንኳ አልሞላም። እንዴት ብዬ ልሸኛቸው?

ሚያዝያ 12
ፋሲካ። ዶሮው የሱቅ ነው። እማማ ቀመስ አድርገው ተዉት። "ውሃ ውሃ ይላል።" ቢያንስ ተናገሩ። ተመስገን።

ግንቦት 17
ከቅዳሴ ስንመለስ ወልደንኪኤል በራችን ላይ ቆሟል፤ ከከተማ ውጭ እርሻ የሚሠራው የመብራቱ ጓደኛ። የሙዝ ካርቶን ታቅፏል፣ ካርቶኑ ይንጫጫል። በባቡር፣ በትሬኖ ነው ይዞት የመጣው። "ኮንትሮሎሬው ትኬቴን አይቶ ይሄ ምንድን ነው ሲለኝ ሙዝ ነው አልኩት" ይላል፣ ኮስተር ብሎ። አራት ቄቦች።

"አሎራ፣ እንግዲህ ለእማማ ነው፣ ለናንተ አይደለም" አለ። እንዲህ ያለ ሰው አለን። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ብዬ አልወጣልኝም።

እማማ በመስኮት አዩና መጋረጃውን ሳቡት።

ሰኔ 8
የዶሮው ቤት አለቀ። መብራቱ ሽቦውን መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ጣሪያውንም በሽቦ ሸፍኖ... እስከዛሬ ቄቦቹ ባኞ ውስጥ ነበር የሚያድሩት። እኛ እንዴት እንደታጠብን እኔ አውቃለሁ።

እማማ ከመስኮት ሆነው "በሩን አጥብቀው፣ ይላላል" አሉት። ወጥተው ግን አላዩም። ጠልተው ነው? አይመስለኝም። መልሰው እንዳይወዱ ነው የፈሩት።

ነሐሴ 1
ፍልሰታ ገባ። ሕሊናም ትጾማለች፤ ረሃቧን ለሰፈሩ ሁሉ እያወራች።

ነሐሴ 9
ፌራጎስቶ፣ የጣሊያኖቹ የበጋ በዓል። ሱቁ ዝግ፣ ሰፈራችን ቶር ፒኛታራ ጭር ብሏል። ሥራ የለም።

ሕሊና ከጓሮ እየሮጠች ገባች። መዳፏ ላይ እንቁላል። የመጀመሪያው። ትንሽ፣ ሙቅ። ደስ ሊለኝ ሲል... በጾም? ዛሬ? ቀና ስል እማማ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ፊታቸው ተለዋውጧል።

"ጭዱ ውስጥ እንዳትመልሺው። ቤትም አይግባ።"

ታዲያ የት ይሂድ? ከልጅቷ እጅ ተቀበሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት፣ ወደ ፒና ቤት ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ሕሊና ተከተለቻቸው። የፒና ልጆች ባሕር ሄደዋል፤ ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው።

ቆዩ። ምን ያወራሉ?

ኋላ ሕሊና ነገረችኝ። እማማ ሁሉንም አስተርጉመዋታል፤ ጾሙን፣ ጭዱን፣ ያለቁትን ዶሮዎች። "ጥፋቱ የኔ ነው በያቸው" ብለው። ፒና ሳቁ አለችኝ። የሳቸውም አያት ገጠር በነበሩ ጊዜ በጾም እንቁላል ጭድ ውስጥ ያጠራቅሙ ነበር፣ ለፋሲካ። ፋይና የአያትየውንም ዶሮዎች ጨርሷል።

"ከዚያስ ምን አደረጉ?" አሉ እማማ።

"ምን ያደርጋሉ፣ ሌላ ዶሮ ገዙ። ቫ ቤኔ፣ እሺ?"

እማማ ኮክ በነጠላቸው ይዘው ወረዱ። "የጾም ነው፣ ብዪ" አሉኝ። ኮኩን እየበላሁ አለቀስኩ። ሞኝ ነኝ።

ነሐሴ 13
በየጠዋቱ እንቁላል ወደ ላይ ይወጣል፣ ዙኪኒና ቲማቲም ወደ ታች ይወርዳል። አንዳቸውም የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ ወሬያቸው ግን አያልቅም። እማማ ለዶሮዎቹ ስም አወጡላቸው። አንዷ "ፒና" ትባላለች። የስሙ ባለቤት ገና አልሰሙም።

ነሐሴ 16
ጾሙ ተፈታ። ሁላችንም ቆርበን ገባን። ምሳ ላይ እንቁላል ፍርፍር፣ የራሳችን። እማማ ደግመው በሉ።

መብራቱ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማ፣ የመስከረሙን ትኬት... መቼ ልቁረጥ?" እኔ ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ፣ ቧንቧውን ለቅቄ። መስማት አልፈለግኩም።

"አንተ ለወልደንኪኤል ደውል" አሉት። "አውራ ዶሮ ይፈልግልን። ከሲኞራ ፒና ጋር እንቁላል ልናስታቅፍ ነው።"

"እሺ... ትኬቱስ?"

"ቆይ፣ የኔ ፔርሜሶ፣ ያ የመኖሪያ ወረቀት፣ የሚታደሰው መቼ ነው?"

መብራቱ አየኝ፣ አየሁት። 

"አንቺ ደግሞ" አሉኝ፣ "ውሃውን ዝጊ፣ ይባክናል።"

ዘጋሁት።