የሞሚና ማር

ሮቤ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዛሬ የባለቤቴ እህት ሞሚና ከደሎ መና መጣች። የጫካ ማር በጣሳ ይዛልኛለች፤ ንቦቹ ከአበባ የሚለቅሙትን ቢጫ ዱቄትም በላስቲክ ቋጥራ ጨምራበታለች።

የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ያለ ምክንያት እንደማለቅስና ነገር እንደምረሳ ታውቃለች። እሷንም እንዲሁ አድርጓት ነበር። «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድሽ ላሺው፣ ኢንሻአላህ ይለቅሻል» አለችኝ። ቀጥላ «ያለፈው አለቀ?» ስትለኝ ደነገጥኩ። ከዚህ በፊት ማር ማምጣቷን አላስታውስም። አፍሬ «አዎ፣ አልቋል» አልኳት።

ከሸኘኋት በኋላ ልጄን ሐሊማን ጠየቅኳት። ቁም ሳጥኑን ከፍታ በግማሽ የጎደለ ጣሳ አወጣች።

«በየጠዋቱ ትበያለሽ እኮ፣ አዮ፣ እናቴ። ከጀመርሽ ወዲህ ማልቀሱንም ትተሻል።»

ጣሳውን አገላብጬ አየሁት። ከዚህ በፊት ያየሁት አልመሰለኝም። ማልቀስ መተዌንም ገና ከእሷ መስማቴ ነው።

እናቴንም መርሳት የጀመራት እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ያስቀመጠችውን ዕቃ ረሳች። በመጨረሻ እኔን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። እሷ ግን ያኔ አርጅታ ነበር፤ እኔ ገና ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ሐሊማ ፊቴን አይታ ጣሳውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ማሩን ብዪ፤ ለመርሳቱ ግን ሐኪም ይይሽ። ነገ ጎባ እንሂድ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከኋላዬ ተቀምጣ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ እንዳትሰማኝ በልቤ ስሟን ደጋገምኩት። ሐሊማ፣ ሐሊማ፣ ሐሊማ።