በጋሽ ፍሬን ዕረፍትና ሾላቸውን ውኃ ስለማጠጣት የወጣ የሀዘን መግለጫ

የቦንሳይ ወዳጆች ማኅበር መሥራች አባሉንና የዛፍ ፍለጋ ጉዞዎቹን መሪ፣ ሁላችንም «ጋሽ ፍሬን» እያልን የምንጠራቸውን ጡረተኛ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር በሞት አጥቷል። ባለፈው ወር መጨረሻ ከሰዓት በኋላ፣ በቤታቸው በረንዳ ላይ ከአንዲት ትንሽ ጽድ ፊት ለፊት እንደተቀመጡ አርፈዋል። ባለቤታቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው ሹራብ ደርበውላቸው ነበር። የማኅበሩ ሀዘን ጥልቅ ነው።

ሥራችንን ለማያውቁ አንባብያን፦ ቦንሳይ ዛፍን በዝርግ ሸክላ ውስጥ፣ ሥሩንና ቅርንጫፉን በየጊዜው እየከረከሙ፣ ትንሽ እንደሆነ እንዲያረጅ የማሳደግ ጥበብ ነው።

ቅጽል ስማቸው የተገኘው ከሥራቸው ነው። በግንብ ስንጥቅ ወይም በድልድይ ሥር የበቀለ ዛፍ ካዩ እግራቸው ሳያስቡት ፍሬኑን ይነካ ነበር። አውቶቡሱ ያለ ፌርማታ ቀዝቀዝ ሲል ቋሚ ተሳፋሪዎች «ያዝ ያዝ አድርጉ፣ ጋሽ ፍሬን ዘመድ አገኙ!» ይባባሉ እንደነበር የቀድሞ ትኬት ቆራጫቸው በቀብሩ ዕለት አስታውሰዋል።

ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት፦ የመጀመሪያውን ስብሰባ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ በሚገኝ ባዶ መጋዘን አስተናግደዋል። ለማሳያ ያቀረቡት ከጋራዡ ጣሪያ አሸንዳ ያገኙትን ሾላ ነበር። ዛፉ በበሰበሰ ቅጠልና በአቧራ ላይ የበቀለ ሲሆን፣ አሸንዳው እስኪቀየር ድረስ አልነኩትም። ወደ ቤት ያስገቡት ልጃቸው በተወለደች ዓመት በመሆኑ በቤተሰቡ ዘንድ «የልጅቷ እኩያ» ይባላል።

በሁለተኛው ዓመት፦ ዛሬም የምንሠራበትን የፍለጋ ሥርዓት አወጡ። በዚህ ሥርዓት መሠረት ማንም አባል ዛፍ ባገኘበት ቀን አይነቅልም። የመሬቱን ባለቤት ያስፈቅዳል፤ ዛፉን በበጋም በክረምትም ይጎበኛል፤ ከዚያም በአንድ ወገን ያለውን ሥር ብቻ ቆርጦ አፈሩን ይመልስና አዳዲስ ቀጫጭን ሥሮች እስኪወጡ ይጠብቃል። ሌላው ወገን የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ማጉረምረም አልጠፋም። ፋርማሲስቷ አባላችን «ጋሼ፣ ዛፍ እንውሰድ አልን እንጂ ልጅ ለጋብቻ እንጠይቅ አላልንም» ብትላቸው «ልጅማ ብትሆን አፍ አውጥታ እምቢ ትል ነበር» ብለው መልሰውላታል። ሥርዓቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ስለ ጉዞዎቹ ጥቂት ማለት ይገባል። ጉም በተኛበት ኮረብታ፣ ቀድሞ ድንጋይ ይወጣበት በነበረው ገደል አፋፍ፣ ፍየል የጋጣቸው ወይራዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ቁመታቸው ከጉልበት አያልፍም፤ ግንዳቸው ግን እንደ ሽማግሌ ክንድ የተቋጠረ ነው። ጋሽ ፍሬን ከአንዱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እኛም እንቀመጣለን። ጉሙ እየመጣ ዛፉን ይወስደዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመልሰዋል። ሲመልሰው ያው ዛፍ ይሁን ሌላ ለጊዜው ያጠራጥራል። ብዙውን ጊዜ ባዶ እጃችንን እንመለስ ነበር፤ የከፋው ሰው ግን ትዝ አይለንም።

ጡረታ ከወጡበት ዓመት ጀምሮ፦ ለአዲስ አባላት በየሳምንቱ በበረንዳቸው ትምህርት ሰጥተዋል። ትምህርቱ የሚጀመረው በመቀስም ቅርንጫፍ በሚታጠፍበት የመዳብ ሽቦም አልነበረም። ተማሪው ዓይኑን ወደ ሸክላው ጠርዝ አውርዶ ከግንዱ ሥር ወደ ላይ እንዲያይ ይደረጋል። ቆይቶ ግንዱ ይገዝፋል፣ አፈሩን የሸፈነው የድንጋይ ሽበት መስክ ይሆናል፣ በቅርንጫፎቹ መካከል ሰማይ ይከፈታል። ብዙዎች ከዚያ ሲነሱ ወንበሩና ጠረጴዛው ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ይታያቸው ነበር። ሁለተኛው ትምህርት አጭር ነው፦ ጣትን ወደ አፈሩ ሳይሰዱ ውኃ አለማንሳት።

ማኅበሩ ይህን ሁለተኛ ትምህርት አልጠበቀም፤ ለአባላቱም በግልጽ ማስታወቅ ግዴታው ነው።

ከቀብሩ በኋላ አባላት ዛፎቹ እንዳይጠሙ በማሰብ፣ አንዱ ለሌላው ሳይናገር፣ ወደ በረንዳቸው እየተመላለሱ አጠጡ። ዳቦ ጋጋሪው አባላችን ማለዳ፣ ፋርማሲስቷ በምሳ ሰዓት፣ የኮሚቴው አባላትም ከሥራ መልስ። ሌሎቹ ዛፎች ቻሉት። ሸክላው ከሁሉም ዝርግ የሆነው ሾላ ግን ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ቢጫነቱን ያየ ሁሉ ውኃ ጥም ነው ብሎ ጨመረ። ጣቱን ወደ አፈሩ የሰደደ አልነበረም። ባለቤታቸው ነገሩን ቢጠረጥሩም አልከለከሉም። «የሚያለቅስ ሰው እጅ ላይ ያለ ጣሳ እንዴት ይቀማል?» ብለውናል። በመጨረሻ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ አፈሩን አሽትታ «ዛፉን እኮ አሰጠማችሁት!» ብላ ጮኸች።

እናትና ልጅ ሾላውን ከሸክላው አውጥተው፣ የጠቆረውን ሥር ቆርጠው፣ በደረቅ ሻካራ አሸዋ አስቀምጠውታል። ቅጠሉ በሙሉ ረግፏል። ባለቤታቸው ሌሎቹን ዛፎች በሙሉ ለማኅበሩ ሰጥተዋል፤ ለራሳቸው የጠየቁት ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም አባል ሾላውን እንዳያጠጣ፣ ማዳበሪያ እንዳይጨምርበት፣ ከጥላ ወደ ፀሐይም እንዳያዛውረው ኮሚቴው ወስኗል። ሾላው ወደ አሸዋ ከተዛወረ ወዲህ አንዳንድ አባላት በሕይወት መኖሩን፣ ማለትም ከልጡ ሥር አረንጓዴ መሆኑን፣ ለማረጋገጥ ልጡን በጥፍር መፋቅ መጀመራቸውም ተደርሶበታል። ልጃቸው «ሁላችሁም ከፋቃችሁት ልጥ የሚባል አይተርፈውም» ስትል ያቀረበችውን አቤቱታ ማኅበሩ ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ለማጽናናት የሚመጣ ሰው በረንዳው ላይ ወንበር ተዘጋጅቶለታል፤ ቁጭ ብሎ መጫወት ይቻላል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ በአውቶቡስ ሥራ አብረዋቸው ለዘለቁ ባልደረቦቻቸው፣ በጉም ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጣችሁ አባላት ሁሉ ማኅበሩ ብርታትን ይመኛል። ለእሳቸውም ዕረፍታቸው የሰላም ይሁን።

ይህ መግለጫ ለመውጣት ሲዘጋጅ ባለቤታቸው ኮሚቴውን ወደ በረንዳው ጠርተው ነበር። በራሳቸው ጥፍር፣ ከግንዱ ሥር፣ የስንዴ ቅንጣት በማትሞላ ቦታ ላይ ልጡን አንድ ጊዜ ፋቅ አደረጉ። ከዚያም መነጽራቸውን እያወለቁ «እናንተም እዩልኝ፤ እኔ ስለፈለግኩት ብቻ የታየኝ እንዳይሆን» አሉ።

ኮሚቴው ተራ በተራ አይቷል። አረንጓዴ ነው።

የቦንሳይ ወዳጆች ማኅበር
ሥራ አመራር ኮሚቴ