የላንድሮቨሯ መርገጫ

አዳማ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሳሳልዎትና ዛሬ ግን አጥብቄ ለተቀየምኩዎት አባቴ፣ ለአቶ ኃይለየሱስ፤

ዳሌዎ እንዴት ነው? የአርሲ ነገሌ ብርድስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መንጃ ፈቃዴን ተቀበልኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ያውም በመጀመሪያው ፈተና። አብረውኝ የተሰለፉት ጎረምሶች «ማዘር፣ ልጅ አጅበው ነው?» እያሉ ሲሥቁብኝ ነበር፤ ከአምስታችን ያለፍነው ሁለት ነን፣ የሣቁት ሁሉ ወድቀዋል። ይህን ደስታዬን በስልክ ላወራዎት ብል፣ የመኪና ስም በተነሳ ቁጥር ኔትወርክ ይጠፋብዎታል። ስለዚህ እህል ልትሸምት ወደዚያ በምትመጣው በጎረቤቴ በኢሕሳን እጅ ወረቀት ልኬያለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባባ፣ እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል?

ዳሌዎ ተሰብሮ «ለሦስት ወር» ብለው ወንድሜ መሳይ ቤት ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ ላንድሮቨሯ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ተፈለፈለባት። እኔ ደግሞ የምሸጠውን ችግኝ ከመልካሳ በባጃጅ እያመላለስኩ ግማሹ መንገድ ላይ ይሰበርብኛል። «ላሠራትና ልንዳት ነው» ስልዎት «እንዳሻሽ» አላሉኝም? ብለዋል። የመሳይ ባለቤት ጂቱ አጠገብዎ ነበረች።

እሺ ተብዬ፣ ከመካኒኩ ከኑዕማን ጋር ሁለት ቀን ተቀምጠን በደብተር ወረቀት ጻፍነው። አብረቅራቂ ትሁን አላልኩም፤ ቀለሟን እንዳትነካ፣ በሯ ላይ ያለው ስምዎም እንዳለ ይቆይ ብዬዋለሁ። እኔ የፈለግሁት በየቀኑ ስነዳት ወገቤን እንዳያመኝ ነው። የኋላ ባሌስትራዋ ለአሥር ኩንታል ስንዴ ተብሎ የተደራረበ ነው፤ ችግኝ ለምትጭን መኪና ከየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት ቢቀነስለት እንደ ፍየል አትዘልም። መሪው ሃይድሮሊክ ይሁን፣ ታግዬ ማዞር አልችልም። ፍሬኑ ይታደስ። ወንበሩ የሰው ወንበር ይምሰል፣ ቀበቶም ይኑረው። የሞተሩ ጩኸትና ሙቀት እንዳይገባ ወለሉ ወፍራም ምንጣፍ ይልበስ። በቀኙ በር በኩል ደግሞ መርገጫና እጀታ ይበየድ። ይኸው ነው። ምኑ ነው ነውሩ?

ማክሰኞ ስሄድ ኑዕማን አንዲት ብሎን አልፈታም። ዓይኔን ይሸሻል። ሻይ ሲያዝልኝ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ። ለካ እርስዎ ከጀርባዬ ሦስት ጊዜ ደውለውለታል። ባሌስትራው አይነካ፣ መሪው አይነካ፣ መርገጫ የሚባል ነገር እንዳላይ። ለኑዕማን ሲሆን ኔትወርኩ ጥርት ይላል ማለት ነው። እሱም «እትዬ ፍሬ፣ ሊብሬው በጋሼ ስም ነው፣ እኔንም ልጅ ሆኜ ጋራዥ ያስገቡኝ ጋሼ ናቸው። እሳቸው እንቢ እያሉ መፍቻ አላነሳም» አለኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ መንጃ ፈቃዴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የአባቴን ፈቃድ አምጪ ተባልኩ።

ሴት ስለሆንኩ ነው? እንዳልል፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ጋቢና አስቀምጠው ደራ ገበያ ያመላለሱኝ እርስዎ ነዎት። ጎማ ሲቀየር ክሪክ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ መሳይማ ሁሌ ያስመልሰው ነበር። ምቾት መኪና ያበላሻል አሉ አሉ። የእርስዎን ወገብ ምን አበላሸው ታዲያ?

ይህን ሁሉ ለኑዕማን ጮኬበት ሳበቃ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ስለ ባሌስትራው ሲያወሩ ይቆጣሉ፣ ስለ መርገጫው ሲያወሩ ግን ድምፅዎ ዝቅ ይላል አለኝ። «ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በገዛ መኪናዬ እንደ ጆንያ ተጭኜ አልሄድም» ብለውታል።

አዎ፣ ለእርስዎ ነው። ለማን ሊሆን ኖሯል? ችግኝ በመርገጫ አይወጣም። ግን ጆንያ ያለዎት ማን ነው? እኔ ያን ሁሉ ዓመት በቀኝ ወንበር ከጎንዎ ስቀመጥ ጆንያ ነበርኩ? አንድም ቀን እንደዚያ አልተሰማኝም። ያስቀየመኝ ይህ ቃልዎ ነው።

ኑዕማን ቀጠለና ሜትሩን ዘርግቶ «እሳቸው እሺ ቢሉስ፣ መርገጫው ከመሬት ስንት ሳንቲ ይሁን? እግራቸውን እስከ የት ያነሳሉ?» አለኝ። በየእሁዱ እደውላለሁ፤ በየእሁዱ «ደህና ነኝ፣ እየተራመድኩ ነው» ይሉኛል። ይህን ግን አላውቅም። ልጅዎ ሆኜ አላውቅም። መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነው ወደ ቤት የገባሁት፣ በንዴት ነው እንጂ በሌላ እንዳይመስልዎት።

የልብስ ሰፊ ሜትር ከወረቀቱ ጋር ልኬልዎታለሁ። ግድግዳ ይዘው ይቁሙና ጂቱ ትለካዎት። ከዚያ ራስዎ ለኑዕማን ይደውሉለት። ስለ ባሌስትራው እንደልብዎ ይጨቃጨቁት፣ አልከፋም። ስለ እግርዎ ግን እንደ እሁዱ ስልክ አይንገሩት። ሃያ ሳንቲ ከሆነ ሃያ ይበሉት፣ አምስት ከሆነ አምስት። ጭራሽ የማይነሳ ከሆነም አይነሳም ይበሉት፤ መርገጫውን መሬት ድረስ እናወርደዋለን።

መድኃኔዓለም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ስሜ፣ ምርቃትዎን ከቁጥሩ ጋር እጠብቃለሁ።

ልጅዎ
ፍሬሕይወት ኃይለየሱስ