ከዛምቢያ ጋር አንድ እኩል

መካኒሳ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር፤ ሌላ አጀማመር አላውቅበትም። እኛ ደህና ነን። እማዬን ስኳሩ ዓይኗን እያደከመባት ነው፣ ጉልበቷም ዳገቱን እምቢ ብሏታል። ኳስ ካለ ግን ማንም አይቀድማትም።

ያስለመድካት አንተ ነህ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፈን እዚያው አንተ አገር ደቡብ አፍሪካ ስንጫወት፣ ከዛምቢያ ጋር፣ በረኛችን በቀይ ወጥቶ በአሥር ሰው ስናገባ፣ በቢጫ ጃኬትህ ብድግ ብለህ ስትጮህ በቴሌቪዥን አየችህ። ከዚያ ወዲህ ኑረዲን ዲኤስቲቪ ቤት ፊተኛው ወንበር የእሷ ነው። ኳሷን አታያትም፤ ተመልካቹን ነው የምታየው። ናይጄሪያ ከዓለም ዋንጫ ስታስቀረን ሰፈሩ ሁሉ ሲያለቅስ እሷ "እሰይ! ብራዚል ድረስ ልጄን ማን ይወስደው ነበር?" አለች። ካሜሩን ሄደን ስንጫወት ደግሞ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣህ በስልክ ወረደችብህ።

ዘንድሮ ሞሮኮ ላይ የለንበትም። ኑረዲን "በሃምሳ አራት ዋንጫ የበላን ሰዎች ነን እኮ!" እያለ ይነጫነጫል። የሜዳችንን ጨዋታ እንኳ ለዓመታት ሰው አገር ሄደን ነው የተጫወትነው። እማዬ ግን አላለፍንም ብንላት አትሰማም። መደወልህን ካቆምክባት ወዲህ በየቀኑ እየሄደች ትቀመጣለች። ኑረዲን አንጀቱ አልችል ቢለው ያንን የዛምቢያውን ጨዋታ ከፈተላት። የዛሬ መሰላት።

ጎሉ ሲገባ ብድግ አልክ። "ያውና! ልጄ ያውና!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ቤቱን የሞላው ወንድ ሁሉ ድርቅ ብሎ ቀረ። ከዚያ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታሪኩ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኑረዲንን በኋላ ልጣላው ሄድኩ። "ምን ላድርግ? በይ አንቺ ንገሪያት!" አለኝ።

እዚያ አብሮህ የነበረው አብዶ ሻንጣህን ይዞ ከጆሃንስበርግ ከገባ ጀምሮ እነ ጋሽ ታሪኩ ሲመካከሩ ነው የቆዩት። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። እማዬ ቀድማኝ ከፈተች። በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የምታውቅ ሴት ናት፤ ስንት ቤት አብራቸው ሄዳለች። እሷ ግን ፊቷ እያበራ "ልጄን አያችሁልኝ አይደል? እንኳን ደስ አለሽ ልትሉኝ ነው የመጣችሁት!" ብላ አስገባቻቸው፣ ሻይ አፈላችላቸው። ጋሽ ታሪኩ ብርጭቆውን አስቀመጠና "እንኳን ደስ አለሽ" አላት። ሲወጣ በሩ ላይ "በሚቀጥለው ቅዳሜ" አለኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ከሄዱ በኋላ እማዬ "ያንኑ ጃኬት ነው እኮ የለበሰው! ይሄን ሁሉ ዓመት! ሌላ የለውም እንዴ?" አለችኝ። በማግስቱ አዲስ አስገዛችኝ፤ ወፍራም ነው፣ ሰማያዊ። "ብርድ ሳይመታው ቶሎ ላኪለት" አለች። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ቢጫው አልጋዬ ስር ነው። አብዶ አጥቦት ነው ያመጣው፤ ደረቱ ላይ ያለው ደም ግን አልለቀቀም። አዲሱን አጥፌ እሱ ላይ አስቀመጥኩት። የት ልላከው ወንድሜ? ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው። እማዬ ካሁኑ ብርጭቆ እያጠበች ነው፣ እንግዳ ሊመጣ ይችላል ብላ።

ጌታ ይጠብቅህ ልል ነበር። ያለህበትን ብርሃን ያድርግልህ። እኛንም ነገን ያሻግረን።

ታናሽ እህትህ