ነቅላችሁ ሰኩት

ጥር 6
ሰርቨሩ ዛሬም ወደቀ። በዚህ ወር ሦስተኛው። የክሊኒኩ የታካሚ መዝገብ ያለው እሱ ላይ ነው፤ ሲቆም ወረፋው እስከ ውጭው በር ይደርሳል። እኔ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ስደርስ የካርድ ክፍሏ እትዬ አስነስተውታል። "እንዳልከው ነቀልኩት፣ አስር ቆጠርኩ፣ ሰካሁት። ሐኪም ሆንኩልህ እኮ!" በሰርቨሩ ክፍል በር ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ማለታቸው ነው። "ሲቆም ነቅላችሁ ሰኩት።"
ድክም ብሎኛል።

ጥር 9
ኃላፊው ጠራኝ። "አዲሱ ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?"
"አያውቅም።"
እውነቴን ነው። ግን ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው አልኩ እንዴ? እሱ እንደዚያ ሰማው፣ እኔም ዝም አልኩ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ልጅ የሙከራ ጊዜዋ በ15 ያልቃል። አታልፍም ብሏል።

ጥር 10
ምሳ ላይ ልጅቷ አጠገቤ ተቀመጠች። "የኔ ኮድ ከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት፣ ሊጥል አይችልም። ሃርድዌሩን አየኸው?"
"የሰርቨሩ የስህተት መዝገብ ባዶ ነው።"
"ባዶ?" ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

ጥር 12
ባዶ... ለምን? ሃርድዌር ሲሳሳት ስህተቱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ተጽፎ ይቆያል። ኃይል ሳይቋረጥ ካስነሱት ይነበባል። ከነቀሉት ግን ይጠፋል። ይሄን ድሮ አውቀው የለ?
ንቀሉ ያለውስ ማን ነው? እኔው!
ወረቀቱን ቀደድኩት። እትዬን "ሁለተኛ እንዳይነኩት፣ ይጥሩኝ" አልኳቸው። "አሁን ደግሞ አትንኪ መጣ?" አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ጥር 14
ረፋዱ ላይ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ እትዬ ሶኬቱ ፊት እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ሰው ይጮህባቸዋል፣ ንቅንቅ አላሉም። ሳልነቅል ዳግም ማስነሻውን ብቻ ተጫንኩ። ተነሳ... ጻፈም። የማሽን ቼክ፣ ማለትም የሃርድዌር ስህተት፤ ሦስተኛው ማስገቢያ ላይ ያለው ሚሞሪ።
የሷ ኮድ ምንም አላደረገም። ሰርቨሩን አጥፍቼ ያንን ሚሞሪ አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት።

ጥር 15
ሚሞሪውን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የወረቀቱንም ነገር ነገርኩት።
"ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ?"
"ጣትዎ ወደኔ እንዳይዞር።"
የልጅቷን የስንብት ደብዳቤ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።
ለሷም ነገርኳት።
"ያኔ ታውቅ ነበር?"
"አላውቅም ነበር።"
"ማወቅ አልፈለግህም ነበር" አለች።

ጥር 29
ሁለት ሳምንት ሙሉ አልወደቀም። በሩ ላይ አዲስ ወረቀት አለ፣ በሷ እጅ ጽሑፍ። "ሲቆም አትንኩ። ደውሉ።" ከስሩ አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ።
የሷ እንጂ የኔ አይደለም። ሁለቴ አነበብኩትና ወደ ቦታዬ ሄድኩ።