ከሥዕሉ ያስቀረኋቸው ቀፎዎች

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ
ሥዕሉ አለቀ፣ ደብተሬ። ዛፎቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ቢጫ ነካ ነካ፣ በቃ። ነገ ለባለሀብቱ ይሄዳል፤ ለሚሠራው ሎጅ ማስተዋወቂያ። ትልቁ ዛፍ ላይ የንብ አናቢው የጋሽ ወልዴ ስድስት ቀፎዎች ተሰቅለዋል። አልሳልኳቸውም። ከደኑ ላይ ዓይን ይሰርቃሉ። ጋሽ ወልዴ ሦስት ቀን ሙሉ ጃንጥላ ይዘውልኛል፣ ማር አቅምሰውኛል። ሥዕሉ ግን አማረ። ኮርቻለሁ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ
ጉዴ ፈላ። ቦንጋ፣ ወረዳ ጽ/ቤት ስብሰባ። ሥዕሌ ባነር ሆኖ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ፦ የሰው እጅ ያልነካው ደን። ባለሀብቱ እያመለከተ፣ ቦታው ባለቤት የለውም ይላል። ጋሽ ወልዴ ተነሱ። ደኑ ያባቴ ነው፣ በእኛ ደንብ ቀፎ የሰቀለ ዛፉን ያዘ፣ ሌላ አይነካውም አሉ። የታለ ቀፎው ተባሉ። አንዳንዱ ሳቀ። ሄዶ የሚያይ የለም፤ ከሺሺንዳ ከተማ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነው። ወደ እኔ ዞሩ፤ ይኼ ልጅ ያውቃል፣ አብሮኝ ነበር አሉ።
ሠዓሊ እንደፈለገ ነው የሚስለው አልኩ። ይህን ነው ያልኩት። ምላሴን በቆረጠው። እሳቸው ተቀመጡ። ውሳኔው ለሳምንት ተቀጠረ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ
አባዬ ቤት ምሳ። ነገርኩት። ምን አገባህ አለ፤ የእንጀራህን በር አትዝጋ። ደግሞ ያ ጫካ የማን ነበርና? አያትህ ከሸዋ መጥተው ከመንግሥት መሬት ሲመሩ እዚህ ሰው የሚባል አልነበረም። ከልጅነቴ የሰማሁት ነው፤ ዛሬ ግን ጠየቅኩ። ታዲያ ማን አረሰላቸው አልኩት። ጭሰኞቹ ናቸዋ አለ።
ከዚያ ተነስቶ እጁን ታጠበ። ወጡ ቀዘቀዘ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ
ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ፣ ይቅርታ ልል። ይቅርታውን ትቼ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ወንበር አቀረቡልኝ፤ እኔን፣ ያዋረድኳቸውን። ቢቆጡ በስንት ጣዕሙ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ አስቀይመንህ ነበር ወይ ልጄ።
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30
ስብሰባው 3 ሰዓት ነው። ባለሀብቱ ትናንት ደወለ፤ ለሎጁ ክፍሎች ሁሉ ሥዕል ሣልልኝ አለ። ልቤ ዘለለች፣ አልዋሽህም። አስብበታለሁ አልኩት። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፤ የሱን ግን አይደለም።
ተነስቼ እናገራለሁ። ቀፎዎቹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከሥዕሉ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ስም ይጠይቃል። ሙሉውን እሰጠዋለሁ፤ የራሴን፣ ያባቴን፣ ያያቴን። ቦንጋ ላይ ያያቴን ስም የማያውቅ ሽማግሌ የለም። አባዬ ከምሳ በፊት ይሰማል።
ይስማ።