የሠላሳ ሰባተኛው ጥያቄና የጠፉት ቢጫ ማኅደሮች

ለተከበሩ የፈተና ዝግጅትና ምዘና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። ወገብዎን እያመመዎት ከወንበርዎ መነሳት እንደሚከብድዎ ከጸሐፊዎ ስለሰማሁ፣ ለዚያ ወንበር የሚበቃ ጤና እንዲሰጥዎ፣ ቤተሰብዎንም በሰላም እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔን ከጠየቁኝ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በሰዓቴ ሥራ እገባለሁ።

ረስተውኝ ከሆነ፣ በውሃ አገልግሎቱ መዝገብ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት በጊዜያዊነት የሠራሁት፣ እርስዎ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በነበሩበት ጊዜም ከላይኛው መደርደሪያ ማኅደር የማወርደው እኔ ብቻ ስለነበርኩ «መሰላሏ» ይሉኝ የነበርኩት ሴት ነኝ። በቋሚነት ለመቀጠር ፈተናዎን አምስት ጊዜ ተፈትኛለሁ። ስድስተኛ የለም፤ የዕድሜ ጣሪያው ሠላሳ አምስት ነው፣ እኔም ባለፈው ወር ሠላሳ ስድስት ሞልቶኛል። በፖስታ ያሸግኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች እጅዎ ስላልገቡ፣ ይህኛውን ሳላሽግ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መመሪያው አመሰግናለሁ። በየፈተናው አናት ላይ «የተሰጡትን ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው ብላችሁ ተቀበሉ፤ የግል ዕውቀታችሁን አትጨምሩ፤ ድምዳሜው ከተሰጠው ብቻ ይከተል እንደሆነ መርምሩ» ይላል። ይህን ለመልመድ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ፈተና «ሁሉም ድልድዮች ከወረቀት የተሠሩ ናቸው» የሚል ሳነብ፣ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ እጄን አውጥቼ ፈታኙን ጠርቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን በምሳ ሰዓት በመደርደሪያዎቹ መሐል ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ሁለት ሺህ የሚሆን ጥያቄ ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በያጁ ባለቤቴ የመለማመጃውን መጽሐፍ ይዞ ይጠይቀኝ ነበር፤ እሱ እንኳ ለፈተና የተፈጠረ ሰው አይደለም፤ «ሁሉም በያጆች መነጽር ያደርጋሉ» የሚል ሲያጋጥመው፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው በያጅ በዕድሜው አንድ ቀን አድርጎ አያውቅም፣ ይሄ መጽሐፍ ቀጣፊ ነው ብሎ ይሟገተኛል። ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም፣ የተባለውን ብቻ ያዝ እለዋለሁ። ውሎ አድሮ ለሱም ገባው። ሁሉም በጎች እንስሳት ናቸው፣ አንዳንድ እንስሳት ይናከሳሉ፣ ስለዚህ አንዳንድ በጎች ይናከሳሉ ቢባል፣ ያ አይከተልም፣ የሚናከሱት ውሾቹ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሠላሳ ሰባተኛው ጥያቄ አመሰግናለሁ። ሌላው ሕዝብ እንዲያውቀው ቃል በቃል ልጥቀሰው። «ሁሉም ቢጫ ማኅደሮች የተዘጉ ናቸው። አንዳንድ የተዘጉ ማኅደሮች ጠፍተዋል። ድምዳሜ፦ አንዳንድ ቢጫ ማኅደሮች ጠፍተዋል።» በያጁ እንኳ የሚመልሰው ነው፤ የተዘጉ ማኅደሮች ቀይም ሰማያዊም ሊሆኑ ይችላሉ፣ የጠፉትም እነሱ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ድምዳሜው አይከተልም። እኔም «አይከተልም» የሚለውን አከበብኩ። የእርስዎ የመልስ ወረቀት «ይከተላል» ይላል። ማለፊያው ስልሳ ነበር፤ እኔ ያመጣሁት ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ውጤቱን ያየሁት ከሰሌዳው ላይ ነው፤ አጠገቤ የነበሩ ሰዎች አይዞሽ ሲሉኝ እሺ ብዬ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሼ የቀረውን ማኅደር በየቦታው አስገባሁ።

ሦስተኛ፣ በርዎን አንኳኩቼ ስገባ በትዕግሥት ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ወንበር ባያቀርቡልኝም አላስወጡኝም። ጥያቄውን በወረቀት ላይ ሠርቼ ሳሳይዎ፣ ሳያነቡት ፈገግ ብለው፣ ምን ነካሽ፣ ቢጫዎቹማ ጠፍተዋል እኮ፣ ስትፈልጊ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ አሉኝ። እውነትዎን ነው። መዝገብ ቤቱ ከምድር ቤት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሲዛወር ሦስት ሳጥን ቢጫ ማኅደር ጠፍቶ፣ ሰባት ሳምንት በአቧራ ውስጥ እያስነጠስኩ ፈልጌያለሁ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን አንድ ነገር ገረመኝ። በዚህ ሁሉ ተፈታኝ መሐል የግል ዕውቀቱን ጨምሮ የመለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ፈተናውን ያወጣው ነው። እኔ ስለ እነዚያ ማኅደሮች ከማንም በላይ የማውቀው፣ እንደማታውቂ ሁኚ ብለው ስላዘዙኝ ባላወቀ ሰው ልክ መለስኩ። ታዝዤ ወደቅሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ፣ ባያስቀይምዎ፣ ሌላ ወረቀት ላስታውስዎ። ዝውውሩ ሲያልቅ ለበላይ አካል በተላከው ሪፖርት ላይ «በዝውውሩ ወቅት አንድም ማኅደር አልጠፋም» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። የተየብኩት እኔ ነኝ፣ የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ አሁን ወዳሉበት ወንበር ያደጉትም ከዚያ በኋላ ነው። ሪፖርቱና የመልስ ወረቀቱ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ማኅደሮቹ ጠፍተው ከሆነ ሪፖርቱ ይታረም፤ ካልጠፉ ደግሞ አንዷ ነጥቤ ትመለስልኝ። እኔ የትኛውም ቢሆን ቅር አይለኝም ነበር።

አራተኛ፣ የይግባኝ ኮሚቴው በጽሑፍ ስለሰጠኝ መልስ አመሰግናለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ መሆንዎን ያወቅሁት ከፊርማው ነው። መልሱ «የመልስ ወረቀቱ በኮሚቴ የጸደቀ ነው፤ በኮሚቴ የጸደቀ ነገር ስህተት አይኖርበትም፤ ስለዚህ የመልስ ወረቀቱ ስህተት የለበትም» ይላል። ደጋግሜ መረመርኩት። ከተሰጠው በትክክል ይከተላል። በአምስቱም ፈተናዎች ውስጥ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ጥያቄ አላየሁም፤ ለዚህም አደንቅዎታለሁ። ባለቤቴ ግን ሲያነበው ተናደደና የሞኝ ልቅሶ መልሶ መላልሶ ይሉት አንቺን ነው፣ ተዪያቸው አለኝ። ከዚያ የመለማመጃውን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለው፤ ለካ ከኔ ይልቅ ተስፋ ያደረገው እሱ ኖሯል።

ስለ ራሴ እውነቱን ልንገርዎ። በመጀመሪያው ፈተና ስወድቅ አልቅሻለሁ፣ በሦስተኛው ከሰው ተጣልቻለሁ። አሁን ምንም አይሰማኝም። ሰዎች ስትናደጂ አይታይብሽም ይሉኛል፤ የሚታይ ነገር የለማ። ምሳዬን እበላለሁ፣ ጣዕሙ ግን አይታወቀኝም። ሥራውን እወደው ነበር፤ አንድ ደንበኛ ከዐሥር ዓመት በፊት ያመለከተበትን ወረቀት በሁለት ደቂቃ ውስጥ አውጥቼ ስሰጠው የሚሰማኝን ደስታ ማንም አይሰጠኝም ነበር። ያንን ነው የወሰዱብኝ፤ መውሰድዎን የሚያውቁም አይመስለኝም።

አምስተኛ፣ ስለ አዲሷ ሠራተኛ አመሰግናለሁ። በስልሳ አንድ ነጥብ ያለፈችው ሴት ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ ጀምራለች። የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ጨዋ ናት፣ ጠማማ ነገር የለባትም። ሠላሳ ሰባተኛውን እንዴት እንደመለሰች ስጠይቃት፣ ጊዜ አልቆ ስለነበር በዘፈቀደ እንዳከበበች ነገረችኝ። ቂም አልያዝኩባትም፤ ለልጆቿ እሰየው። እርስዎም ውሌ እስኪያልቅ ባሉት ሦስት ሳምንታት ሥራውን እንዳለማምዳት በደብዳቤ አዘውኛል። አለማመድኳት። የተቀደደ ማኅደር እንዴት እንደሚጠገን፣ የትኛው መደርደሪያ በዝናብ ጊዜ እንደሚረጥብ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስም ሲኖራቸው በምን እንደሚለዩ፣ ሁሉንም አሳየኋት። ከላይኛው መደርደሪያ ግን እጇ ስለማይደርስ፣ መሥሪያ ቤቱ የእንጨት መሰላል እንዲገዛላት በትሕትና አመለክታለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወገብዎ ተሽሎት፣ ኮሚቴዎ ሳይሳሳት፣ ፊርማዎ ሳይደበዝዝ በወንበርዎ ላይ ረጅም ዘመን እንዲቆዩ በመመኘት፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤
እስከ ነገ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የመዝገብ ቤት ጊዜያዊ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለይግባኝ ኮሚቴው ሰብሳቢ (እርስዎው ነዎት)
ለባለቤቴ (እንዲያርፈው)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የአዲሷ ሠራተኛ የማለማመጃ ቅጽ ከክፍልዎ ተመለሰልኝ። «አለማማጇ ለመደቡ የተቀመጠውን ፈተና ስላላለፈች ፊርማዋ ተቀባይነት የለውም፤ ያለፈ ሠራተኛ ይፈርም» ይላል። በመዝገብ ቤቱ ፈተናውን ያለፈ ሰው እሷ ብቻ ናት። ቅጹን ይዛ ፊቴ ቆማ፣ እህቴ፣ እንግዲህ ራሴን አለማመድኩ ብዬ ልፈርም ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ፈርሚ አልኳት፤ ፈረመች፤ ማኅተሙም ዛሬ ከሰዓት ተመታበት። አሁን በወረቀቱ መሠረት ሥራውን ያሳያት ሰው የለም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት እዚህ የሠራም ሰው የለም።